ማን አባረራችሁ? ወሎ ላይ ከቤተሰብ ጋር ስለመሮጥ

ደሴ ላይ ዕድሜው ከሠላሳ ያለፈ ሰው መንገድ ላይ ሲሮጥ ከታየ «ማን አባረረህ?» መባሉ አይቀርም። ሴት ከሆነች ደግሞ «ምነው፣ ደህና ነሽ?» ትባላለች። ጠያቂዎቹ ክፉዎች አይደሉም፤ ጨዋታ ነው። ጨዋታው ውስጥ ግን አንድ የቆየ ግምት አለ። መንገድ ላይ የሚሮጥ ሰው ወይ አትሌት ነው፣ ወይ ወታደር ነው፣ ወይ አንድ ነገር ሆኗል።

ስለ ከተማና ስለ ሰፈር ሩጫ ሲወራ ሁሌም የሚነሳው ጤና ነው። እሱስ ልክ ነው። እኔ ግን ከጤናው የሚቀድም ነገር አለ ባይ ነኝ። ሩጫው ለሰው የሚሰጠው ትልቁ ነገር ፈቃድ ነው። ደረቷ ላይ ቁጥር የለጠፈች የአርባ አምስት ዓመት እናት ፒያሳን በሩጫ ብታቋርጥ «ምን ሆና ነው?» የሚል የለም። «አብሽሪ!» ነው የምትባለው። ያን ቀን መሮጥ ነውርነቱ ይቀራል። ጉዱ በማግስቱ ነው። ቲሸርቱ ከወለቀ በኋላ ያንን ፈቃድ ማን ይሰጣታል?

እግረኛዋ አያት፣ የባጃጅ ደንበኛው የልጅ ልጅ

መቼም ወሎን ቁጭ ብሎ የሚውል ሀገር ነው የሚል የለም። ከገበያ ቤቱ እስኪደርስ ግማሽ ቀን ዳገት ቁልቁለት የሚል ገበሬ፣ ጀሪካን አዝላ ከምንጭ የምትወጣ እናት፣ ትምህርት ቤት ለመድረስ ወንዝ የሚሻገር ልጅ ሞልቷል። እነሱን «ስፖርት ሥሩ» ማለት ቀልድ ነው የሚሆነው። ነገሩ የሚመለከተው ከተሜውን ነው። ደሴን፣ ኮምቦልቻን፣ ወልድያን፣ ሐይቅን።

አንድ ቤት ብቻ እንይ። አያት ልጅ ሳለች ከገጠር ሰኞ ገበያ በእግሯ ትመጣ ነበር፤ ሌሊት ተነስታ፣ እንቁላሏን ይዛ። ልጇ ከተማ ገብታ ሱቅ ከፈተች፤ ከጠዋት እስከ ማታ ባንኮኒ ኋላ ተቀምጣ ትውላለች። የልጅ ልጅ ደግሞ በእግር ለሚደረስ ቦታ ባጃጅ ይጠራል። ሦስቱም አንድ ጣሪያ ሥር ናቸው። አሁንም ቢሆን ቀልጠፍ ብላ የምትራመደው አያትየዋ ናት።

መቀመጫው አላጠረንም። ቡናው አቦል፣ ቶና፣ በረካ ተብሎ ነው የሚጠጣው። ጫት ያለበት ቤት ከሆነ ደግሞ ከምሳ በኋላ ያለው ጊዜ ጨዋታው ሲደራ ሳይታወቅ ይመሻል። ቢሮው መቀመጫ ነው። ሱቁ መቀመጫ ነው። ስልኩ ከሁሉም የባሰ መቀመጫ ነው። ቡናውን አልነካም፤ እሱን ነክቶ ወሎ ውስጥ የሚኖር ማን ነው?

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ አዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ እንዲያደርግ ይመክራል። ጠንከር ካለ ከ75 እስከ 150 ደቂቃ ይበቃል። ከ5 እስከ 17 ዓመት ላሉ ልጆች ምክሩ በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ ነው። ድርጅቱ እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2022 ከዓለም አዋቂዎች 31 በመቶው፣ ማለትም 1.8 ቢሊዮን ገደማ ሰው፣ እዚህ መጠን ላይ አልደረሰም። ከ11 እስከ 17 ዓመት ባሉት ልጆች ዘንድ ደግሞ ያልደረሱት ከ80 በመቶ በላይ ናቸው። ስለዚህ የደሴው ልጅ ብቻውን አይደለም። ልጅ ሁሉ ተቀምጧል።

150 ደቂቃ ሲባል ብዙ ሰው እዚያው ተስፋ ይቆርጣል። መቁረጥ የለበትም። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣ ብዙ ጥናቶችን የደመረ ትንታኔ ግማሹም፣ ማለትም በሳምንት 75 ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃ፣ ያለ ዕድሜ የመሞት ዕድል በ23 በመቶ ያህል ዝቅ ከማለቱ ጋር ተያይዞ እንደሚታይ አሳይቷል። በቀን 11 ደቂቃ ማለት ነው። ደም ግፊት ያለበት ሰው አዘውትሮ ሲንቀሳቀስ የላይኛው ቁጥር ከ5 እስከ 8 ነጥብ ሊወርድለት ይችላል። ይህን አንብቦ ኪኒኑን የሚያቆም እንዳይኖር አደራ። እንቅስቃሴው ከመድኃኒቱ ጋር እንጂ በመድኃኒቱ ፋንታ አይደለም።

ትልቁ ጥቅም ያለው ከዜሮ ወደ ትንሽ በሚደረገው ለውጥ ላይ ነው። አስር ኪሎ ሜትር የሚሮጠውን ወደ አስራ አምስት ማሳደግ ጥሩ ነው። ባንኮኒ ኋላ የምትውለውን እናት በቀን ለሩብ ሰዓት ማስወጣት ግን ለሕይወቷ የበለጠ ነው። የሰፈር ሩጫ መመዘን ያለበትም በዚህ ይመስለኛል። ማን አንደኛ ወጣ ሳይሆን ስንት የማይሮጥ ሰው ወጣ ተብሎ።

ዳገት ያለበት ከተማ

ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ በአንድ ትንፋሽ የምንስበው ኦክስጅን ባሕር ዳርቻ ካለው ሩብ ያህል ያነሰ ነው። እኛ ተወልደን ስላደግንበት አይታወቀንም። ከጅዳ ለዕረፍት የመጣች እህት ግን ታውቀዋለች። ጅዳ ባሕር ጠርዝ ላይ ያለ ከተማ ነው። በመጣች በሦስተኛው ቀን «አብረን እንሩጥ» ብሎ ወደ ጦሳ አቅጣጫ ዳገት ማስወጣት ጭካኔ ነው። ሁለት ሳምንት ያህል በእርምጃ ትለማመድ።

ፍጥነትን ለመለካት ሰዓትም ስልክም አያስፈልግም። እየሮጣችሁ ማውራት ከቻላችሁ መጠኑ ልክ ነው። መንዙማ ማዜም ከቻላችሁ ጨመር አድርጉ። «እ...» ብቻ ከሆነ የሚወጣችሁ ተራመዱ። ደሴ ውስጥ ዳገት በፈጣን እርምጃ መውጣት ለብዙ አዋቂ ራሱ ጠንካራ እንቅስቃሴ ነው፤ ስለዚህ ዳገት ላይ መራመድ ሽንፈት አይደለም። ርቀትንም ተዉት፣ ደቂቃ ቁጠሩ። ሜዳ ላይ ያለ ሦስት ኪሎ ሜትርና ደሴ ዳገት ላይ ያለ ሦስት ኪሎ ሜትር በቁጥር እንጂ በድካም አንድ አይደሉም።

ሰው የሚፈራው ዳገቱን ነው። የሚጎዳው ግን ቁልቁለቱ ነው። ወደ ታች ስንሮጥ የጭን ጡንቻ እየተለጠጠ ክብደታችንን ይሸከማል፤ በየእርምጃው ፍሬን እንደመያዝ ነው። ሕመሙ ያኔውኑ አይሰማም። ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ነው የሚመጣው። እሁድ የሮጠ ማክሰኞ ደረጃ ሲወርድ ግድግዳ ይይዛል። ጉልበት የሚያማቸው እናቶችና አባቶች ቁልቁለቱን በአጫጭር እርምጃ ይራመዱት። ልጆችንም «ቁልቁል ነውና ልቀቁት» አትበሏቸው።

ኮምቦልቻ ዕጣዋ ሌላ ነው። ከደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። የሐረጎን ጠመዝማዛ ስትወርዱ ጆሮ የሚደፈነው ከ600 ሜትር በላይ ከፍታ ስለምትቀንሱ ነው። እዚያ ሜዳ አለ፣ አየሩም ወፈር ይላል፤ በዚያው ልክ ሙቀት አለ። ደሴ ላይ ሩጫ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ቢጀመር ማንም አይጎዳም። እንዲያውም ውርጩ ያልፋል። ኮምቦልቻ ላይ ግን ሦስት ሰዓት ረፍዷል።

ሜዳ ለሚፈልግ የደሴ ቤተሰብ በሐይቅ መንገድ ላይ ቦሩ ሜዳ አለ። አፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1870 ዓ.ም. ጉባኤ ያደረጉበት ቦታ ነው። ሙስሊሞች ክርስትና እንዲቀበሉ የታዘዙት ከዚያ ጉባኤ ጋር ተያይዞ ስለነበር፣ ለወሎ የእስልምና ተከታዮች ትዝታው ከባድ ነው። ሜዳው ግን የሁሉም ሜዳ ነው፤ ሰፊ ነው፣ ሳር ነው፣ ለሕፃንም ለአያትም ጉልበት የሚመች ነው። ከተማ ውስጥ ደግሞ የሆጤ ሜዳ አለ። ስለ ስታዲየም ካነሳን ወልድያ ከ2009 ዓ.ም. ጀምሮ 25 ሺህ ሰው ገደማ የሚይዝ ትልቅ ስታዲየም አላት። ያኮራል። ግን ስታዲየም ማለት ሃያ ሁለት ሰው ሲሮጥ ሃያ አምስት ሺህ ሰው የሚቀመጥበት ቦታ ነው። ሕዝብን ለማስሮጥ የሚያስፈልገው ከዚያ በጣም ያነሰ ነገር ነው። ለሁለት ሰዓት መኪና የማይገባበት አንድ መንገድ።

ይህን አገሪቱ ሞክራዋለች። በ2011 ዓ.ም. በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች በወር አንድ እሁድ መንገድ ለተሽከርካሪ ተዘግቶ ሰው እንዲራመድ፣ እንዲሮጥ፣ ልጆች ኳስ እንዲጫወቱ ተደርጎ ነበር። ታላቁ ሩጫም ቢሆን ሕዝቡን የያዘው በዚሁ ምክንያት ነው። በኅዳር 1994 ዓ.ም. በ10 ሺህ ሰው ሲጀመር አንደኛ የወጣው ኃይሌ ገብረሥላሴ ነበር። ዛሬ ከ40 ሺህ በላይ ሰው ይወጣል። ከዚያ ውስጥ አንደኛ ለመውጣት የሚሮጠው ጥቂት ነው። ሌላው እየጨፈረ፣ እየተራመደ፣ ፎቶ እየተነሳ ነው አስሩን ኪሎ ሜትር የሚጨርሰው። አትሌቶች ይህን አይተው ይስቁ ይሆናል። እኔ ግን የሩጫው ቁም ነገር እሱ ነው እላለሁ።

በሩጫው ቀን

የሰፈር ሩጫ ላይ የሚታየውን ቤተሰብ ከቅርብ ያየ ብዙ ነገር ይገባዋል። ቲሸርቱ አንድ ልክ ነው። ለእናትየው ከቀሚሷ በላይ ይጠባታል፤ ለሰባት ዓመቱ ልጅ ጉልበቱን አልፎ ይወርዳል፣ ሲሮጥ በአንድ እጁ ሰብሰብ አድርጎ ይይዘዋል። አያት ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሥራለች። እግሯ ላይ ያለው የፕላስቲክ ጫማ ነው። ከልባሽ ተራ የተገዛ የሩጫ ጫማ ቢያመጡላት «ይሄ መርከብ ነው» ብላ መለሰችው። አባት ከሁሉም በላይ ተዘጋጅቷል፤ አዲስ ቱታ፣ አዲስ ጫማ።

ፊሽካው ይነፋል። ልጁ እንደ ጥይት ይተኮሳል። ሁለት መቶ ሜትር ሳይሞላ ሆዱን ይዞ ይቆማል። «ጎኔን ወጋኝ!» አባትየውም ተፈትልኮ ጠፍቷል። መድረሻው ላይ ስልኩን ይዞ ቤተሰቡን ሊቀርጽ ይጠብቃል። እናት ከሚያለቅሰው ልጅና ከአያት መሃል ሆና ወዲያም ወዲህም ትላለች። አያት ብቻ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በአንድ እርምጃ ሄዳ ትጨርሳለች።

ይህ ሩጫ ለቤተሰቡ ምን ሰጠው? ለአባትየው ፎቶ። ለልጁ «ሩጫ ያማል» የሚል ትምህርት። እናትየውም በሚቀጥለው ዓመት «እኔ እጠብቃችኋለሁ፣ እናንተ ሂዱ» ትላለች።

ሕጉ ቀላል ነው፤ የዘገየው ይመራል። ከፊት ልጁ ወይም አያቱ ይሁኑ፣ ጎልማሳው ከኋላ ይከተል። ሁለት ደቂቃ ሮጦ አንድ ደቂቃ መራመድ ከዚያ እንደገና። ልጆች በተፈጥሯቸው የሚሮጡት እንዲህ ነው፤ ይፈተለካሉ፣ ይቆማሉ፣ ይፈተለካሉ። ከአስር ዓመት በታች ላለ ልጅ አንድ ወይም ሁለት ኪሎ ሜትር በቂ ነው። ጎኑን ከወጋው ቀስ ብሎ በጥልቅ ይተንፍስ፣ ይራመድ፤ ያልፋል። ሲሮጥ ደረቱን የሚጨንቀው፣ ራሱን የሚያዞረው፣ የስኳር መርፌ የሚወጋ፣ ነፍሰ ጡር የሆነች፣ እነዚህ አስቀድመው ጤና ጣቢያ ይጠይቁ። ምግቡ ላይ ብዙ አትጨነቁ። ለአምስት ኪሎ ሜትር የታሸገ የኃይል መጠጥ አያስፈልግም። በሶ የበላ ሰው ከበቂ በላይ ስንቅ አለው።

ሁለተኛው ፈቃድ

ወደ ፈቃዱ ልመለስ። ሩጫው የሚሰጠው የአንድ ቀን ፈቃድ ነው። ቀሪውን ዓመት የሚሸፍነው ግን ቤተሰቡ ነው። አንዲት ሴት ብቻዋን ስትሮጥ ሰፈሩ ይጠይቃል። ከባሏና ከሁለት ልጆቿ ጋር ስትሮጥ ሰፈሩ ሰላምታ ይሰጣል። አስራ አራት ዓመት የሆናት ልጅ ብቻዋን ብትወጣ ወንዶቹ መንገድ ዳር ይለክፏታል። ከእናቷ ጋር ከሆነች አፋቸውን ይይዛሉ። ልጃገረዶች እንቅስቃሴ የሚያቆሙት በዚህ ዕድሜ ስለሆነ ነገሩ ትንሽ አይደለም። ሒጃብ ለብሳ መሮጥም እንዲሁ ነው። ችግሩ ልብሱ አይደለም፤ ዓይኑ ነው። ዓይኑን የሚያስለምደው ደግሞ ብዛትና ድግግሞሽ ነው።

«ማን አባረራችሁ?» የሚለው ጨዋታም እዚህ ሀገር ጥላ አለው። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት 20 ገደማ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ ብዙ ቤተሰብ በእግሩ ነው የወጣው። ከእናት ከአባቱ ጋር ለመጨረሻ ጊዜ የሮጠው ያን ቀን የሆነ ልጅ አለ። አብሮ መሮጥ ሌላ ትርጉም እንዲኖረው ማድረግ ለእነዚህ ቤቶች ከደም ግፊት ቁጥር በላይ ነው። አዘውትሮ መንቀሳቀስ ጭንቀትንና ድብርትን እንደሚያቀል ደግሞ በብዙ ጥናት የታየ ነው።

ከ2015 ማብቂያ ወዲህ በክልሉ ያለው ግጭትም መዘንጋት የለበትም። ጎህ ሳይቀድ መውጣት፣ ከከተማ ርቆ መሄድ፣ ብዙ ሕዝብ አንድ ቦታ መሰብሰብ እንደ ድሮው አይደለም። ቦሩ ሜዳም ቢሆን እንደ ሁኔታው ነው። ለዚህ ነው ከክልል ክልል ሰው የሚጠራ ትልቅ ውድድር ከመጠበቅ የሰፈሩን ትንሽ ሩጫ የምመርጠው። ብርሃን ከሆነ በኋላ፣ ሰው በሚተዋወቅበት መንገድ፣ ከቤት ሩቅ ሳይሆን።

መቼ? ማን ያዘጋጀው?

ወሎ ላይ ቀን መምረጥ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። እሁድ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ሩጫ የሚጠራ ሰው ቅዳሴ ያለበትን ግማሽ ሰፈር ትቶታል። ዓርብም የጁምዓ ቀን ነው። አንድ ቤት ውስጥ ክርስቲያንም ሙስሊምም ባለበት ሀገር ይህን ሳያስቡ «የቤተሰብ ሩጫ» ማለት ቤተሰቡን መክፈል ነው። እሁድ ከቅዳሴ መውጫ በኋላ፣ ሦስት ሰዓት ወይም ሦስት ተኩል፣ ለደሴ ይሆናል። ለኮምቦልቻ ቅዳሜ በጠዋት ይሻላል።

ጾሞቹም አሉ። በ2017ም በ2018ም ዐቢይ ጾምና ረመዳን በአንድ ሳምንት ውስጥ ነው የገቡት። በዚያ ወቅት ውድድር መጥራት አይመችም። እንቅስቃሴውን ግን ማቆም አያስፈልግም። ሙስሊሙ ከማፍጠሪያው በፊት ባለው ግማሽ ሰዓት በእርጋታ ይራመድ፤ ውሃው ቅርብ ነው። ጾመኛው ክርስቲያንም ወደሚበላበት ሰዓት ያስጠጋው። የሚጎዳው ሙሉ ለሙሉ ማቆሙ ነው። የልብና የሳንባ ብቃት ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ባለው ሥራ ፈትነት መቀነስ ይጀምራል፤ ከጾም በኋላ «ከዜሮ ልጀምር» የሚለው ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ አይጀምርም። ለውድድሩ ለራሱ ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ጊዜ ይስማማል። የክረምቱ ጭቃ ደርቋል፣ በልጉ ገና ነው።

አዘጋጁን በተመለከተ የእኔ ምርጫ ቅሬው ነው፣ እድር የምትሉትም እድሩ። ስፖንሰር አይጠብቅም። የአባወራውና የእማወራዋ ስም ዝርዝር አለው፤ ማን ከማን ጋር እንደሚኖር፣ የማን እናት ጉልበቷን እንደሚያማት ያውቃል። ድንኳን አለው፣ አግዳሚ ወንበር አለው፣ የውሃ በርሜልና ኩባያ አለው። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አባል ነው። በወር የሚሰበሰብበት ቀን ስላለው ሩጫውን ከዚያ ጋር ቢያያይዘው በዓመት አንዴ ሳይሆን በወር አንዴ ይሆናል። ማለትም ፈቃዱ በየወሩ ይታደሳል። መንገዱ አንድ ኪሎ ሜትር ዙሪያ ቢሆን ይበቃል። አያት አንድ ዙር ሄዳ ትቀመጥ፣ ልጁ ሁለት፣ የቻለ አምስት። ሁሉም እዚያው ይገናኛሉ፣ ማንም አይጠፋም። ቲሸርት ማሳተም የግድ አይደለም። ሽልማትም መስጠት ካስፈለገ ከሁሉ የበዛ ቤተሰብ ይዞ ለመጣው ይሰጥ፤ ያኔ አባቶችም ተፈትልከው አይጠፉም።

መነሻው በፊሽካ ይሁን። የቅሬውን ጡሩንባ ግን አደራ እንዳትነፉ። ሰፈሩ ቀብር መስሎት ነጠላውን አዘቅዝቆ ይወጣል።